ሁለት ጊዜ ጠይቁ

የወንድሜ ሚስት ኢሽበል ስትቀበር የመጣው ሐኪም ብዛት ለጉድ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ መበለቻ ቤት ቢላ ይዛ የቆመች ሴት ይህን ሁሉ ዶክተር ከየት አፈራችው እያሉ ወደብ ላይ የሚውሉት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ሲጠያየቁ ሰምቻለሁ።  በልቤ ግን «ከዚህ ሁሉ ሐኪም አንዱ እንኳ በቁሟ ቢሰማት ምን ነበረበት» እያልኩ ነበር። ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አልዋሽም። አሁንም አልበረደም።

የእኛን ሰው ጠባይ ያላወቀ ነገሩ አይገባውም። በዓሣ አጥማጅ መንደራችን በክሬግሄቨን ተወልዶ «አመመኝ» የሚል ሰው የለም። እንዴት ነህ ሲባል መልሱ «ምንም አልል» ነው። ጉንፋን የያዘውም ምንም አልል፣ ልጁን ባሕር የበላበትም ምንም አልል። አባቴን ጀልባው ተገልብጣ ከውሃ ጎትተው ሲያወጡት «እንዴት ነህ ሰውዬ?» ቢሉት፣ «ምንም አልል፣ ትንሽ ረጥቤአለሁ» አለ ይባላል። በዚህ እንስቃለን፣ እንኮራበታለንም። ሆድ ይፍጀው ነው እንግዲህ። ሆድስ ስንቱን ይፈጃል? እሱን የሚጠይቅ የለም።

ወንድሜ ሳንዲም በዚሁ ነው የሞተው። ከባሕር ሲመለስ ወገቡን ይዞ መጣ፤ ኢሽበል ጨቅጭቃ ጤና ጣቢያ ላከችው። በዚያ ሰሞን ከደቡብ የመጣ አንድ ለጋ ሐኪም ነበር። «ሕመሙ እንዴት ነው?» ሲለው ሳንዲ «ምንም አልል» አለ። ሐኪሙም አምኖት የወገብ ኪኒን ሰጥቶ ሸኘው። ነገሩ ግን የወገብ አልነበረም። ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ ደም ሥር አብጦ ኖሯል። በዚያው ሳምንት ወደቡ ላይ ቁጭ ብሎ መረብ ሲጠግን ፈነዳና እዚያው ቀረ። ኢሽበል ስትደርስ የመረቡ ክር ገና ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

ዓመት ከሞላው በኋላ ጎርደን የሚባል ሰው ቤቷ መጣ። ከተማ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምራል። ተማሪዎቹ በሽታን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከበሽተኛ አፍ እንዲማሩ በየዓመቱ የታመመ ሰው፣ ወይም የሞተበት ሰው፣ እየጠራ ያስወራላቸዋል። የሳንዲን ነገር ሰምቶ ነበር። እኔ ያን ዕለት ወጥ ቤቷ ነበርኩና «አይሆንም» ልለው አፌን ስከፍት ኢሽበል ቀደመችኝ።

«እሄዳለሁ» አለችው። «ሳንዲ እንዲያው በከንቱ ከሚቀር ለአንዱ ይሁን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኢሽበል ነገር ሁሉ ይቺ ሆነች። ሳንዲ በከንቱ አልሞተም ማለት አለባት። አለዚያ መቆም አትችልም።

የመጀመሪያውን ጊዜ አብሬያት ሄጃለሁ። የቀብር ካፖርቷን ለብሳ፣ እጇ ዓሣ ዓሣ እንዳይሸት በሎሚ ስትፈትገው አድራ። ያ ሁሉ ልጅ ፊቷ ተደርድሮ ስታይ ጠፋት። ከድመታቸው ጀመረች። ከዚያ ወደ ቀብሩ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ሠርጋቸው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንም ያልጠየቃትን ተናገረች። ሳንዲ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያቃስት ሰምታው እንደነበር፣ እሷም «ኪኒንህን ዋጥ» ብላ ዝም እንዳለችው። «እኔም አልጠየቅሁትም» አለች። አለቀሰች። ግማሹ ተማሪም አለቀሰ። «የእኛ ሰው ምንም አልል ሲላችሁ አትመኑት፤ ሁለተኛ ጠይቁት» አለችና ተቀመጠች። ጎርደን ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ «ሁለት ጊዜ ጠይቁ» ብሎ በትልቁ ጻፈ።

በየዓመቱ በመኸር፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ኢሽበል ትጠራለች። እየቆየች ጎበዝ ሆነች። የቱ ጋ ዝም እንደሚባል፣ የቱ ጋ እንደሚያስቅ አወቀች። ጎርደንም ያግዛታል። «ድመቷን ተዪያት፣ መረቡን ወደ መጨረሻ አምጪው» ይላታል። ስለ ወንበሩና ስለ ማቃሰቱ ያለውንም «ተማሪዎቹን ግራ ያጋባል» ብሎ አስቀረው። ለምን ግራ እንደሚያጋባ ይገባኛል። ጥፋቱ የሐኪሙ ብቻ ሲሆን ነዋ ትምህርት የሚወጣው።

ሳንዲም ተለወጠ። ወንድሜ ካኮረፈ ሳምንት የማይናገር ሰው ነበር፤ ኢሽበል የምታወራለት ሳንዲ ግን ፈገግታ ከፊቱ አይጠፋም።

«ኧረ አንቺ፣ ይሄን ሰውዬ ከየት አመጣሽው?» አልኳት አንድ ቀን። «ወንድሜ ባይሆን አገባው ነበር እኮ።»

«አፍንጫሽን ላሺ» አለችኝ። ሳቀች ግን።

ልጆቹ ወደዷት። ተመርቀው በየአገሩ ተበተኑ፤ ለገና ካርድ ይልኩላታል። ከእነሱ አንዷ አይሊ ነበረች። ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት፣ ስትሰማ አንገቷን ዘንበል የምታደርግ ልጅ። ዶክተር አይሊ ሆና የእኛው ጤና ጣቢያ ስትመደብ ኢሽበል ልጇ ከባሕር የተመለሰላት ያህል ሆነች። «አሁን እንግዲህ ክሬግሄቨን ሐኪም አገኘ» አለች። እኔም ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልናገር።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው ኢሽበል የጠዋት ዳቦዋን ሻይ ውስጥ መንከር የጀመረችው። የእኛ ዳቦ ቅቤ የጠገበ፣ ጨው ያለው፣ ጠፍጣፋ ነው፤ ማንም አይነክረውም። መጀመሪያ ጥርሷ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኋላ የጭስ ዓሣ ሾርባ ስሠራላት ድንቹን ወደ ጎን እያደረገች ውሃ ውሃውን ብቻ መጠጣት ጀመረች። ቀሚሷን ጎኗ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዛ አየኋት።

«እህል አልወርድ ብሎሻል» አልኳት።

«ምንም አልል።»

«እኔን ምንም አልል አትበይኝ! ለሌላው በይው። እዚህ ጋ ይይዝሻል አይደል?» ደረቴን አሳየኋት።

ወደ መስኮቱ ዞረች። «አንዳንድ ጊዜ» አለች። «ሲያልፍ ይቧጥጠኛል።»

እሷ ዘንድ ይህ እሪታ ነው። እዚያው ከአይሊ ጋር ቀጠሮ አስያዝኩላትና በቀኑ በመኪናዬ ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ የምትለውን አስጠናኋት። «እህል አልወርድ ብሎኛል፣ ከስቻለሁ፣ ሲያልፍ ያመኛል። በቃ። ሦስት ነገር ነው። ይጠፋሻል?»

«አንቺ ደግሞ፣ ለተማሪ መናገር የለመድኩ ሴት ይጠፋኛል?»

እኔ ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ሐኪም ዘንድ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ሻይ እስኪፈላ አይበቃም፤ እሷ ግን ከዚያ በላይ ቆየች። ጎሽ፣ እየመረመሯት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ስትወጣ ጉንጯ ቀልቶ ነበር።

«ነገርሻት?» አልኳት በሩን ሳትዘጋው።

«ጊዜው አለቀ።»

«እንዴት ነው የሚያልቀው?»

ቀበቶዋን እያሰረች ነገረችኝ። ገና ስትገባ አይሊ ከወንበሯ ተነሥታ አቅፋታለች። አብራት የምትለማመድ ተማሪ ነበረች። «እኚህን ሴት ታውቂያቸዋለሽ? ሐኪም ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው» ብላ አስተዋወቀቻት። ተማሪዋ ከሌላ አገር የመጣች ናትና የሳንዲን ታሪክ አልሰማችም። «ኢሽበል፣ እባክዎ ባጭሩ ይንገሯት። ከእርስዎ አፍ ስትሰማው ይሻላል።» ኢሽበልም ነገረቻት። ባጭሩ መንገር አታውቅም፤ ዝም የሚባልበት ጋ ዝም አለች፣ የሚሳቅበት ጋ አሳቀች። ልጅቱ መረቡ ጋ ሲደርስ አለቀሰች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አይሊ ‹ለመሆኑ እርስዎ እንዴት ነዎት?› አለችኝ። ምንም አልል አልኳት።»

«ሁለተኛስ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ አላፊው ዞሮ አየን። «ሁለተኛ አልጠየቀችሽም? ያ ሁሉ ትምህርት የታለ?»

«ጠየቀችኝ እንጂ። ልጅቱን ‹ተመልከቺ› አለቻትና ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ ‹የእውነት ግን ኢሽበል፣ እንዴት ነዎት?› አለችኝ። ልክ እኔ እንደማስተምረው፣ በዚያው ድምፅ። ሦስታችንም ሳቅን።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን እላለሁ ዊልማ? ምንም አልል አልኳት። የጉልበቴን መድኃኒት ጻፈችልኝ።»

ገብቼ ልነግራት በሩን ከፍቼ ልወርድ ስል ክንዴን ያዘች። «በሳንዲ አጥንት ይዤሻለሁ፣ አታዋርጂኝ። ሌላ ቀን እመጣለሁ።» በወንድሜ አጥንት ተይዤ ምን ላድርግ? መኪናውን አስነሥቼ ወደ ቤት ወሰድኳት። 

ሌላ ቀን የሚባለው አልመጣም። ጨቀጨቅኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሾርባዋን አልሠራልሽም ብዬ አስፈራራኋት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። «መኸር ይለፍ፣ ተማሪዎቹን ላግኝና» ትላለች። ከመኸሩ በፊት አንድ ቀን የገዛ ምራቋ አልወርድ ብሏት፣ ማጠቢያው ላይ አጎንብሳ አገኘኋትና በአምቡላንስ ወደ ከተማ አስወሰድኳት። የምግብ ቧንቧዋ ካንሰር ነው አሉ። ጉበቷ ደርሷል። ቀድማ ብትመጣ ኖሮ አሉና አልጨረሱትም።

አይሊ ኢሽበል ቤት ድረስ መጣች። ወጥ ቤት ወንበር ላይ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ኢሽበል፣ እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር» አለች። «ሁለት ጊዜ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀሻል ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ኢሽበል እጇን አሻሸች። «ደስ ብሎሽ ነበራ» አለቻት። «እኔን ለልጅቱ ስታሳዪ ደስ ብሎሽ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ ጉሮሮዬን የት ላስገባው?»

አይሊ ማልቀስ ጀመረች። ኢሽበል ተነሥታ፣ እንጨት በሆነ ክንዷ አቅፋ፣ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» እያለች አባበለቻት። የምትሞተዋ የማትሞተዋን ስታጽናና ቆሜ አየሁ። ሄጄ ሻይ ጣድኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ያን መኸር ኢሽበል አልቀርም አለች። የሳንዲን ሳይሆን የራሷን ነው የምነግራቸው አለች። አይሊን በስም አታነሣም፣ ግን ሁሉንም ትናገራለች። ጎርደን ሲሰማ ደነገጠ። በር ላይ ገለል አድርጎ አናገራት።

«ኢሽበል፣ እንዳትቀየሚኝ» አለ። «እነዚህ ልጆች ይዘውት የሚሄዱት አንድ ነገር ይፈልጋሉ። የሳንዲ ታሪክ ያ ነገር አለው። ይሄኛው ግን ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ያልተናገረች ሴት ታሪክ ነው። ምን ተማሩ ልበላቸው?»

«እንጃ» አለችው። «እኔም ቢያውቁልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጎርደን ክፉ ሰው አይደለም። መንገድ ለቀቀላት። ሰሌዳው ላይ ግን «ሁለት ጊዜ ጠይቁ» የሚለው አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ ማንም አላጠፋውም።

ድምፅዋ አልቆ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ምንም እንዳልሰሙ አውቃለሁ። ዝም የሚባልበት ቦታ የለ፣ የሚሳቅበት የለ። ሲያስላት ትቆማለች፣ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ የቱ ጋ እንደነበረች ይጠፋታል። ስለ ሳንዲ ወንበር አነሣች፣ ሲያቃስት ሰምታ እንዳልጠየቀችው። ከዚያ ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ጉልበቷ መድኃኒት። የመጀመሪያውን ዓመት መሰለች። እኔ ለራሴ «ይቺ ናት ኢሽበል» አልኩ።

ስትጨርስ ፊት ረድፍ ያለ ተማሪ እጁን አነሣ። «እንግዲያው ሐኪሟ ምን ማድረግ ነበረባት?»

ኢሽበል አሰበችበት። «አላውቅም ልጄ» አለች።

«ሦስተኛ ብትጠይቅዎትስ?»

«ሦስተኛም ምንም አልል ነበር የምላት።»

ልጁ ብዕሩን ይዞ ቀረ። የሚጽፈው አጣ። አንዳንዱ ሰዓቱን አየ። ጎርደን ማጨብጨብ ሲጀምር ነው ሌሎቹ የተከተሉት።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ጭጋግ ነበር፤ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ኢሽበል ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ «የሳንዲውን ብነግራቸው ይሻል ነበር» አለች። «ይሄኛው አልያዛቸውም።»

«ዝም በይ፣ ድምፅሽን አትጨርሺ።»

ክሬግሄቨን መግቢያ ላይ፣ የወደቡ መብራት ሲታየን፣ እጇን ጉልበቴ ላይ አኖረች።

«ዊልማ» አለችኝ። «ያመኛል። በጣም ያመኛል።»

ስንት ዓመት ሙሉ ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም። የጠየቅኳት ነገር አልነበረም፤ ራሷ ናት የተናገረችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይኸው አልደበቀችም፣ መድኃኒቱ ግን የለም። ምን ልበላት? እኛ ለዚህ ነገር መልስ የለንም፣ ማንም አላስተማረንም። «አውቃለሁ» አልኳት። ቤቷ እስክንደርስ እጇ ከጉልበቴ አልተነሣም። የገና በዓል ሳይደርስ ቀበርናት።

በዘንድሮው መኸር ጎርደን ጠራኝ። ለኢሽበል መታሰቢያ ነው አለኝ፤ መቅረት አሳፍሮኝ ሄድኩ። መብራቱን አጥፍተው ፊልም ከፈቱ። ኢሽበል ናት፣ ከዓመታት በፊት የተቀረጸች። ጉንጯ ሙሉ፣ ጸጉሯ የተሠራ፣ የሳንዲን ታሪክ ስትናገር። የሚሳቅበት ጋ ተሳቀ። መረቡ ጋ ሲደርስ ለቅሶ ሰማሁ። ለካ ሳንዲም ኢሽበልም ከሞቱ በኋላ አምረዋል። ጎርደንን ጠጋ ብዬ «የመጨረሻውንም ቀርጻችኋል አይደል?» አልኩት።

«ድምፅዋ አይሰማም እኮ» አለኝ በሹክሹክታ። «ደግሞ ትምህርቱ ግልጽ አይደለም።»

መብራቱ ሲበራ አይሊ ተነሣች። አሁን እሷም እዚያ ታስተምራለች። ዓይኗ አብጦ ነበር። ተማሪዎቹን ትንሽ አየቻቸውና ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች መሰለኝ። ሰሌዳውን ዞራ አየች። «ሁለት ጊዜ ጠይቁ» አለቻቸው። ልጆቹ ጻፉ።

ወጥቼ መኪናዬ ጋ ቆምኩ። ቁልፉን ከቦርሳዬ እፈልግ ጀመር። ከቀብሩ ወዲህ እህል አይጥመኝም፣ ቤቱ ይበላኛል፤ ዳቦሽን ለምን ነከርሽ ብዬ ማንን ልጨቅጭቅ? አይሊ ካፖርቷን ሳትደርብ ተከትላኝ ወጣች። ፊቴ ቆማ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ዊልማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ምንም አልል» አልኳት።

ቆማ አየችኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝና ወደ ተማሪዎቿ ተመለሰች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝም ያንኑ ነበር የምላት።